ደብረ ዘይት፦ በእኩለ ጾሙ እሑድ ለምን የምጽአት ዜማ ይዜማል?

የመዘምራን አስተባባሪ (ጀርመን)

የተወደዳችሁ አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በምኖርበት ከተማ ያለው አጥቢያችን የራሱ ሕንፃ ስለሌለው የምንገለገለው በአንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ እነርሱ ጠዋት ቀድሰው ሲወጡ እኛ እንገባለን። በ2018 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም አምስተኛ እሑድ የሆነው ደብረ ዘይት መጋቢት 6 ቀን ሲውል የእነርሱም የጾም እኩሌታ እሑድ በዚያው ዕለት ዋለ። ዕቃችንን ለማሰናዳት ቀደም ብለን ስንደርስ ካህናቸው በጾሙ ሁሉ የሚለብሱትን ሐምራዊ ልብስ ትተው ጽጌረዳ የመሰለ ቀለም ያለው ልብስ ለብሰው ነበር፤ በሌሎቹ የጾም ሳምንታት ያላየነው አበባ ከመንበሩ ፊት ተደርድሯል፤ እስከዚያ ቀን መዝሙር ከማጀብ ያላለፈው ኦርጋንም ለብቻው ይሰማ ነበር። እኛ ስንገባ ደግሞ ዲያቆናችን «እግዚአብሔርሰ ገሃደ ይመጽእ፤ ወአምላክነሂ ኢያረምም፤ እሳት ይነድድ ቅድሜሁ» ብሎ ምስባኩን፣ ማለት ከወንጌል በፊት የሚዜመውን የዳዊት መዝሙር፣ አዜመ፤ ወንጌሉም ስለ ጦርነት፣ ስለ ረኃብና ስለ ምድር መናወጥ የሚናገረው የማቴዎስ 24 ሆነ።

ከመዘምራኑ መካከል አንዲት ታዳጊ ከአገልግሎት በኋላ መጥታ፣ «እነርሱ በጾሙ መካከል ሲደሰቱ እኛ ለምን እንፈራለን?» ስትል ጠየቀችኝ። የሰጠኋት መልስ እኔንም አላረካኝምና ለእናንተ አቀርበዋለሁ። የምጽአት ነገር የሚታሰብበት ዕለት በጾሙ ወገብ ላይ የተቀመጠው በምን ምክንያት ነው? ሁለተኛም አንዳንድ ወላጆች «ደብረ ዘይት የጌታ በዓል ስለሆነ ልጆቹ በከበሮ ይዘምሩ» እያሉ ይጠይቁኛል፤ ይህንስ እንዴት ታዩታላችሁ? ለሚመጣው ዓመት ከወዲሁ መዘጋጀት ስለምንፈልግ ሥርዓቱን ከሚያውቁ ሰዎች መስማት እወዳለሁ።

መሪጌታ (ደቡብ ጎንደር)

ልጄ፣ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከቍጥሩ ልጀምር። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከመጀመሪያው እሑድ ከዘወረደ ማግስት ሰኞ ተነሥተሽ ብትቈጥሪ ደብረ ዘይት 28ኛው ቀን ላይ ይውላል፤ 27 ቀን ከፊቱ አልፏል፣ 27 ቀን ከኋላው ይቀራል። ስለዚህ እኩለ ጾም የሆነው በግምት ሳይሆን በልክ ነው። የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ በሆነው በባሕረ ሐሳብ ቀመርም ጾሙ ከየካቲት 1 አይወርድም፣ ከመጋቢት 5 አይወጣም፤ ደብረ ዘይትም እርሱን ተከትሎ ከየካቲት 28 አይወርድም፣ ከሚያዝያ 2 አይወጣም። ዕለቱ ከዘጠኙ ንዑሳን የጌታ በዓላት አንዱ ሆኖ ይቈጠራል፤ ወላጆቹ የጌታ በዓል ነው ማለታቸው እውነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንለፍ። ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው፣ ማለት በጾሙ የዜማ መጽሐፍ፣ ሳምንታቱን እንዴት እንዳሰናሰላቸው ተመልከቺ። በዘወረደ ከሰማይ መውረዱን፣ በቅድስት የሰንበትን ቅድስና፣ በምኩራብ ወደ አይሁድ ምኩራብ መግባቱንና ማስተማሩን፣ በመጻጉዕ 38 ዓመት የተኛውን ሕመምተኛ ማንሣቱን ያዜማል። እስከዚህ ድረስ የሚሰማ ሰው ነገሩ ቀጥሎ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣል ብሎ ሲጠብቅ፣ ሊቁ በአምስተኛው እሑድ ወደ ዓለም ፍጻሜ ያሻግረዋል፤ «እንዘ ይነብር እግዚእነ ውስተ ደብረ ዘይት» ብሎ ይጀምርና ጌታ በተራራው ተቀምጦ ለደቀ መዛሙርቱ የነገራቸውን ያሰማል። ከዚያ በኋላ ገብር ኄር ይመጣል፤ መክሊት የተቀበሉት አገልጋዮች ይመረመራሉ። ከዚያም ኒቆዲሞስ፣ ከዚያም ሆሳዕና። ታሪክ በተራው መንገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ምጽአት ከዕርገት በኋላ በመጣ ነበር።

እኔ ከመምህራኖቼ የሰማሁትንና ራሴም በአገልግሎት ያየሁትን አስተባብሬ ስናገር፣ ጾመኛ የሚደክመው በመካከል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቅንዓቱ ይሸከመዋል፤ በሰሙነ ሕማማት ደግሞ የጌታ መከራ ራሱ ያስለቅሰዋል፣ ያሰግደዋል። ጾሙ ልማድ የሚሆንበት፣ «ለመሆኑ ለምን ነበር የምጾመው?» የሚባልበት ጊዜ እኩሌታው ነው። በዚያ ቦታ ላይ ሊቁ ያስቀመጠው ዕረፍትን ሳይሆን ወዴት እንደምንሄድ የሚያሳየውን ዜማ ነው። ከዕለቱ ጋር የሚነበቡትን እይ፦ 1ኛ ተሰሎንቄ 4፣ 2ኛ ጴጥሮስ 3፣ ከሐዋርያት ሥራ ደግሞ ጳውሎስ በፊልክስ ፊት ቆሞ የጻድቃንና የኃጥኣን ትንሣኤ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ ያለበት 24ኛው ምዕራፍ። ሦስቱም ስለሚመጣው ነገር ይናገራሉ። ቅዳሴውም ሰንበትን አብዝቶ የሚያወድሰው የአትናቴዎስ ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ከበሮን በተመለከተ፣ በዐቢይ ጾም ማኅሌት የሚቆመው በመቋሚያ ነው፤ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ። ዕለቱ የጌታ በዓል መሆኑ የሚታወቀው በቃሉና በምንባቡ እንጂ በመሣሪያው ብዛት አይደለም።

የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ (አዲስ አበባ)

መሪጌታ፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ነገር ግን በአክብሮት አንድ ተቃውሞ ላቅርብ። የማኅሌቱ ሥርዓት የሊቃውንቱ ነው፤ በእርሱ ላይ ማንም ቃል የለውም። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ግን ከማኅሌቱና ከቅዳሴው ውጭ የሚቀርብ፣ በአማርኛ የተደረሰ፣ ሕዝቡን ለማስተማር የታሰበ ነው። ለምን በአንድ ሚዛን ይመዘናል? በከተማችን ወጣቱ በየስልኩ የሚያዳምጠው ዜማ ብዙ ነው፤ እኛ ለስምንት ሳምንት ከበሮውን ስናስቀምጥ ልጆቹ የሚቀሩበትን አጋጣሚ አይቻለሁ። በተለይ በደብረ ዘይት፣ ጌታ በክብር ይመጣል ተብሎ በሚታወጅበት ዕለት፣ ንጉሥ የሚቀበል ሕዝብ እንዴት በዝምታ ይቆማል? በእኛ አጥቢያ ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ያከራክረናል፤ አንዱ ወገን «ሥርዓት ነው» ይላል፣ ሌላው «ሥርዓቱ ለመዘምራን አልተጻፈም» ይላል፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ወገኖች ተኰራርፈው ይወጣሉ።

የአቋቋም ተማሪ (ጎንደር)

ወንድሜ፣ «በዝምታ ይቆማል» ያልከው ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም፤ ያለ ከበሮ የሚቆም ማኅሌትን በቅርብ ያየ ሰው ዝምታ አይለውምና።

በአቋቋም ትምህርት አንድ ዜማ በየደረጃው ይጠናል። መጀመሪያ ቁም ዜማውን እንይዛለን፤ ምንም መሣሪያ የለበትም። ከዚያ ዝማሜው ይመጣል፤ ይህ የመቋሚያ ነው። መረግድና ጽፋት የሚባሉት ጸናጽልና ከበሮ የሚገቡባቸው ከዚያ በኋላ ናቸው። በሁዳዴ የምንቆየው በመጀመሪያዎቹ ላይ ነው። ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ወገናቸውን ይዘው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ መሪው ቃሉን ያነሣል፤ ሌላው ወገን ይቀበላል። መቋሚያው ከትከሻ ይነሣል፣ ከፊት ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ወደ ግራ ይመለሳል፤ ሃያ ሠላሳ ሰው አንድ ላይ ሲያዘነብል የነጠላው ጥለት እንኳ በአንድ መስመር ይወዛወዛል። ሊቃውንቱ ይህን እንቅስቃሴ ጌታ መስቀሉን ተሸክሞ ወዲያና ወዲህ መገፋቱን ያሳያል ብለው ያመሠጥሩታል። ቃሉ ሲረዝም ትንፋሽ ይረዝማል። ከበሮ በሌለበት ጊዜ ስሕተት የሚሸሸግበት ቦታ የለም፤ አንዱ ርክርክ የተባለውን የዜማ ምልክት ቢዘነጋ፣ ሌላው ይዘት የተባለውን ያለ ልክ ቢያስረዝም፣ ወዲያው ይሰማል። የእኛ መምህር «የተማሪን ዕውቀት የምለየው በሁዳዴ ነው» የሚሉት ለዚህ ነው።

እግረ መንገዴን፣ በዜማ ቤት ተማሪ ወደ ትልቁ ድጓ ከመግባቱ በፊት ጾመ ድጓን የሚማርበት ምክንያትም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። ምልክቱን፣ ጭረቱንና ድፋቱን፣ ቅናቱንና ሂደቱን በሚገባ የሚለማመደው እዚያ ነው። ስለዚህ «ለመዘምራን አልተጻፈም» የሚለው ክርክር እውነት ቢሆን እንኳ፣ ልጆቹ በዓመት አንድ ጊዜ በድምፃቸው ብቻ መቆምን ቢማሩ ምን ይጐዳቸዋል?

የታሪክ አንባቢ (ሎንዶን)

የጠያቂዋን ታዳጊ ጥያቄ በሌላ በኩል ላየው እፈልጋለሁ፤ የጾምን እኩሌታ የሚያስቡት ምዕራባውያን ብቻ አይደሉምና። የካቶሊኮቹ አራተኛ እሑድ ከኢሳይያስ 66 በተወሰደ «ከኢየሩሳሌም ጋር ደስ ይበላችሁ» በሚል መግቢያ ዜማ ይከፈታል፤ ሮዝ ልብሱ፣ አበባውና ኦርጋኑ ይህን የሚከተሉ ናቸው፤ በሮምም ሊቃነ ጳጳሳቱ በዚህ ዕለት ወርቃማ ጽጌረዳ ይባርኩ ነበር። እዚህ እንግሊዝ አገር ያው እሑድ የእናቶች እሑድ ሆኗል፤ ቀድሞ ሰዎች ወደ ተጠመቁበት አጥቢያ የሚመለሱበት፣ በሰው ቤት የሚያገለግሉ ወጣቶችም ፈቃድ አግኝተው እናታቸውን የሚጠይቁበት ቀን ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው የአበባና የካርድ ቀን ነው።

ግሪኮችና ሩስያውያን ደግሞ በሦስተኛው እሑድ መስቀልን በአበባ ከብበው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መካከል ያወጡና ይሰግዱለታል። ሶርያውያንም በእኩለ ጾማቸው ረቡዕ መስቀል በመካከል ያቆማሉ። የሚገርመው የእስክንድርያ ነገር ነው፤ ለረጅም ዘመን በአንድ መንበር ሥር ብንኖርም፣ ጾማችንም በሁለቱም ዘንድ 55 ቀን ቢሆንም፣ በግብጻውያኑ አምስተኛ እሑድ የሚነበበው የመጻጉዕ ታሪክ ነው፤ እኛ ዘንድ ያ አራተኛው ነው። የማቴዎስ 24 ወንጌል በጾሙ ማዕከላዊ እሑድ ላይ መቀመጡ ከያሬድ ድርሰት ጋር የተያያዘ የእኛ መልክ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ አንዱ አበባ ያወጣል፣ አንዱ መስቀል ያወጣል፣ አንዱ የንጉሡን መምጣት ያውጃል። ሁሉም መንገደኛው በመካከል እንዳይዝል ያሰቡ ይመስለኛል። ይሁንና ለእኔ የምዕራቡ አደራረግ ለሰው ድካም ይበልጥ የሚራራ ይመስላል፤ በዚህ መሪጌታ ቢቈጡኝም እቀበላለሁ።

መሪጌታ (ደቡብ ጎንደር)

አልቈጣም፤ ነገር ግን አንድ የዘነጋኸው አለ። በእኛ ሥርዓት ዕረፍቱ ለአንድ እሑድ የተቀጠረ አይደለም። በጾሙ ቅዳሜዎችና እሑዶች ሁሉ ስግደት የለም፤ ቅዳሴውም በሌሎቹ ቀናት ከቀትር በኋላ ሲሆን በእነዚህ ቀናት ጠዋት ነው፤ ሰውም ከቅዳሴ በኋላ ይቀምሳል፣ ጥሉላቱን ብቻ ይተዋል። ብቻዋን የተለየችው በቀዳም ሥዑር የምትጾመው ቅዳሜ ናት። ደብረ ዘይትም ሰንበት ስለሆነ ስለ ፍርድ እየተዜመ ጉልበት ግን አይንበረከክም። አንዳንድ ሰዎች ዕለቱ የፍርድ መታሰቢያ ነው ብለው በዚያ ቀን ስግደት ሲያበዙ አያለሁ፤ ይህ ከሥርዓቱ ውጭ ነው። ልጄ፣ ለታዳጊዋ «እንፈራለን፣ ነገር ግን ቆመን ነው» በያት።

እኅት (ከዐረብ አገር)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እኔ የምሠራው በሰው ቤት ነው፤ የዕረፍት ቀኔም ዓርብ ብቻ ስለሆነ ደብረ ዘይትን በቤተ ክርስቲያን ተገኝቼ ካሳለፍኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። እሑድ ሌሊት ሥራ ጨርሼ ስተኛ ከአገር ቤት የተላለፈውን ቅዳሴ በስልክ እከፍታለሁ፤ ድምፁን ቀንሼ፣ አንዱን ጆሮ ብቻ ሰክቼ ነው የማዳምጠው።

ስለ ፍርሃቱ ብዙ ተባለ። እኔ ግን ባለፈው ዓመት እናቴን በርቀት ቀብሬ፣ ማለት ሳልቀብራት፣ በዚያ ሳምንት ስለ ነበርኩ የዕለቱን መልእክት የሰማሁት በሌላ ጆሮ ነው። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው፣ ስላንቀላፉት እንዳያዝኑ፣ ጌታ ሲመጣ እነርሱ ቀድመው እንደሚነሡ ነው፤ የሚጨርሰውም «ስለዚህ እርስ በርሳችሁ በዚህ ቃል ተጽናኑ» ብሎ ነው። እሳቱን ከምስባኩ የሰማ ሰው ይህንንም ከመልእክቱ መስማት አለበት። በዕለቱ ስብከት ላይ እሳቱ ለአንድ ሰዓት ተተንትኖ መጽናናቱ በሁለት ቃል ሲታለፍ ቅር ይለኛል።

ስለ መሣሪያውም ልናገር። ከበሮ ባይኖርም የሁዳዴ ድምፅ ለእኔ በገና ነው። ከማኅሌቱ ውስጥ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ሰው በቤቱ፣ ለራሱ፣ ለጸሎት የሚደረድረው ነው። ዐሥሩ ጅማት፣ ከሥራቸው ያለው ቍራጭ ቆዳ እንዚራው የሚሰጠው ያ ነዛሪ ድምፅ፣ በላዩ ላይ ዘማሪው እንደ ሹክሹክታ ሲናገር፣ ከበሮ የሚፈልግ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም። የአዲስ አበባው ወንድሜ ልጆቹ ይቀሩብናል ካልክ በገና አስተምሯቸው።

የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ (አዲስ አበባ)

እኅቴ፣ በመጀመሪያ ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የበገናውን ሐሳብ ለአጥቢያችን አቀርባለሁ፤ ችግሩ መሣሪያው ውድ መሆኑና መምህር አለመገኘቱ ነው፤ ቢሆንም አንድ ሁለት በገና ለሠላሳ ልጅ በየተራ ሊበቃ ይችል ይሆናል። በከበሮው ላይ ያለኝን አሳብ ሙሉ በሙሉ አልለወጥኩም፤ ነገር ግን የጎንደሩ ወንድሜ «ስሕተት የሚሸሸግበት ቦታ የለም» ያለው ነገር አሳስቦኛል። የእኛ ልጆች ያለ ከበሮ ሲዘምሩ ዜማው እየፈጠነ እየፈጠነ መሄዱን፣ መጨረሻው ላይም ከጀመሩበት ከፍ ብሎ መገኘቱን ሁልጊዜ አስተውላለሁ። ለካ ከበሮው ይዞልን የቆየው ብዙ ነገር ነበር።

የቤት እመቤት (ሰሜን ሸዋ)

እኔ ስለ ዜማው ከእናንተ በላይ አላውቅም፤ ስለ ቤቱ ልማድ ግን ጥቂት ልበል፤ ዕለቱ በቤትም ይከበራልና።

በአያቴ ቤት ደብረ ዘይት የሚታወቀው በስልጆው ነበር። በቅበላ ሰሞን የባቄላው ዱቄት በሱፍ ውኃ ይገነፋል፤ ሲበርድ የተፈጨ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ይገባበታል፤ አፉ ታስሮ እስኪኮመጥጥ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ስልጆ ወደ እኩሌታው ላይ ስለሚያልቅ ሁለተኛው የሚጣለው በደብረ ዘይት ዋዜማ ቅዳሜ ነበር፤ እኛም ልጆች «ጾሙ ተጋመሰ» የሚለውን የምናምነው ያ ገንቦ ሲታጠብ ስናይ ነው። ጐረቤት ለጐረቤት «እንኳን ለእኩለ ጾም አደረሳችሁ» ይባባላል፤ የታመመና የወለደች ይጠየቃል። ሙሉውን ጾም ያልቻለ ልጅ ደግሞ ከዚያ ሰኞ ጀምሮ እንዲጾም ይደረግ ነበር፤ «ኋለኛውን ግማሽ የጾመ ትንሣኤን ከትልልቆቹ ጋር ይፈስካል» ይሉን ነበር። ካህናቱ ይህን እንዴት እንደሚያዩት አላውቅም፣ ጾምን ያስለመደኝ ግን እርሱ ነው።

ወንጌሉ ሲነበብ አያቴ ሁልጊዜ የምትጠብቀው አንድ ቃል ነበራት፤ «ሽሽታችሁ በክረምት ወይም በሰንበት እንዳይሆን ጸልዩ» የሚለውን። እርሷ ያን ቃል ስትሰማ በለሆሳስ «አሜን» ትል ነበር፤ በዕድሜዋ ከአንድ በላይ ሽሽት አይታ ነበርና።

ዲያቆን (ሰሜን አሜሪካ)

ከላይ ስለ ስብከቱ እኅታችን ያለችውን ላጠናክር። በየዓመቱ ደብረ ዘይት ሲቃረብ በማኅበራዊ መገናኛው የምጽአትን ዓመት የሚቀምሩ፣ ይህ ጦርነት ያ ነው፣ ይህ መንቀጥቀጥ ይህ ነው የሚሉ ተንቀሳቃሽ ምስሎች ይበዛሉ፤ ከሥራቸው የሚገባውን ዜማ ብትሰሙ የፊልም ማስፈራሪያ ነው እንጂ የያሬድ አይደለም። በዕለቱ የሚነበበው ወንጌል የሚቆመው በቁጥር 35 ላይ «ሰማይና ምድር ያልፋሉ፣ ቃሌ ግን አያልፍም» በሚለው ነው። አንድ ቁጥር ብቻ አልፎ ያለውን ያነበበ ሰው ያችን ቀንና ሰዓት ከአባት በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ያገኛል። ከጴጥሮስ መልእክት የሚነበበውም በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት፣ ሺህ ዓመትም እንደ አንድ ቀን መሆኑን የሚናገረው ክፍል ነው። ምንባባቱ ራሳቸው ቀማሪውን ዝም ያሰኙታል።

በእኛ አጥቢያ አንድ ነገር ሞክረን ጠቅሞናል። ልጆቹ ግእዙን ስለማይሰሙ ምስባኩን በዋዜማው ቅዳሜ ከእነርሱ ጋር እናነባለን፤ እግዚአብሔር በግልጥ ይመጣል፣ አምላካችን ዝም አይልም፣ እሳት በፊቱ ይነድዳል ማለት መሆኑን እንነግራቸዋለን፤ ከዚያ የመዝሙሩን ምዕራፍ እስከ መጨረሻው እናነብላቸዋለን። እዚያ ላይ እግዚአብሔር የሚወቅሰው መሥዋዕት አብዝተው የወንድማቸውን ስም የሚያጠፉትን መሆኑን ሲያገኙ፣ ነገሩ ከሰማይ ወደ ቤታቸው ይወርድላቸዋል። አንድ ልጅ «እንግዲያው ምጽአት ስለ ሐሜትም ነው» ብሎ አስቆናል።

የመዘምራን አስተባባሪ (ጀርመን)

ሁላችሁም ቃለ ሕይወት ያሰማችሁ። ከወላጆች ኮሚቴ ጋር ተነጋግረን በሚመጣው ደብረ ዘይት ልጆቹ ያለ ከበሮና ያለ ጭብጨባ፣ በድምፅና በመቋሚያ ብቻ እንዲቆሙ ወስነናል፤ ከሃያው ቤተሰብ አንዱ አልተስማማም፣ ክርክሩም በመልካም መንፈስ ነበር። የዲያቆኑን የዋዜማ ንባብ እኛም እንወስዳለን፤ የተሰሎንቄውን መልእክት ደግሞ ከታዳጊዎቹ አንዷ በጀርመንኛ ታነባለች።

አሁን የቀረብኝ ሁለት ነገር ነው። የምንቆምበት ወለል ወፍራም ምንጣፍ ስላለው መቋሚያው ድምፅ አይሰጥም፤ ልጆቹም እኩል መውረድ ያቅታቸዋል። ደግሞም መሪጌታ፣ የመዝሙሩን መክፈቻ ልጆቹ በቃል እንዲይዙ ካደረግን በኋላ ሙሉውን ማስጠናት ይቻላል ወይስ ይከብዳቸዋል?

መሪጌታ (ደቡብ ጎንደር)

ልጄ፣ ስለ ምንጣፉ አትጨነቂ፤ ዝማሜ የሚለካው በጆሮ ብቻ ሳይሆን በዓይንም ነው። ልጆቹን በሁለት ወገን ፊት ለፊት አቁሚያቸው፤ በጐን ከተሰለፉ አንዱ የሌላውን እጅ ስለማያይ መቼም አይገጥሙም። መቋሚያው ለቁመታቸው የሚመጥን ይሁን፤ የትልቅ ሰው መቋሚያ ለልጅ ትከሻ ይረዝማል፣ ሲወርድም ከጊዜው ይዘገያል።

ሙሉውን መዝሙር በአንድ ዓመት አትሞክሩት። «እንዘ ይነብር እግዚእነ ውስተ ደብረ ዘይት» የሚለውን መክፈቻ አንድ የሚያውቅ ሰው ይምራና ልጆቹ በተከታታይ ይቀበሉት፤ ያንኑ ደጋግመው በትክክል ቢይዙት ይበቃል። በስልክ ከተቀዳ ድምፅ ብቻ አታስጠኚ፤ የቀረጻው ፍጥነት እንደ ቀራጩ ነው፣ ልጆቹም የትንፋሽ ማሳረፊያውን አይለዩበትም። ጾመ ድጓ የተማረ ካህን በአጠገባችሁ ከሌለ በቀጥታ በስልክ ደውላችሁ ቃል በቃል ተቀበሉ፤ እኔም ማክሰኞና ሐሙስ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ጊዜ አለኝ፣ የሰዓቱን ልዩነት አንቺ አስይው።

ደግሞ ልምምዱን በደብረ ዘይት አታቁሙት። በሚቀጥለው እሑድ «መኑ ውእቱ ገብር ኄር» ይዜማልና ሁለቱን አያይዛችሁ አጥኑ፤ አካሄዱን የለመደ ልጅ ሁለተኛው አይከብደውም።